ጭራው የከበደው ቅርጫት

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጣብቃ ሰነበተች። አህያ ጆሮዋን እንዲህ ስታደርግ ወይ ተቆጥታለች ወይ ፈርታለች። ይህችኛዋ ፈርታ ነበር። ምን እንዳስፈራት እንድትረዱ ግን መጀመሪያ ስለ ቅርጫቱ ልንገራችሁ።

እንስሳቱ የሚኖሩበትን አገር አንድ ትልቅ ገደል ለሁለት ከፍሎታል። ወዲህ ሣርና ጥላ አለ፤ ማዶ ደግሞ የታመመ ጉልበት የሚያሽር ፍል ውሃ። በእግር ወርዶ ለመውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ለዚያውም ጉልበት ላለው ነው። ስለዚህ አያ አንበሳ በአየር የሚያሻግር ቅርጫት አሠራ። እንደ ጀልባ ረጅም ነው። አራት ንስሮች አራቱን ማዕዘን በገመድ ይዘው ያነሡታል። ውስጡ ለስላሳ ሣር ተነጥፎበታል፤ ውሃ በቅል ይቀርባል፤ ተጓዡ የፈለገውን ጓዝ ይዞ ይገባል። የሚከፈለው ሦስት አሞሌ ጨው ነው። ውድ ነው፤ ሌላ መሻገሪያ ስለሌለ ግን ሁሉም እያጉረመረመ ይከፍላል።

የቅርጫቱ ጫኝ አህያዋ ነበረች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ሚዛን ከአህያ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫን ኖራ፣ አንዱ ወገን ሲከብድ ምን እንደሚከተል በጎድኗ ተምራዋለች። ከርከሮን ወደ ግራ፣ ፍየሎችን ወደ ቀኝ፣ አጋዘንን መሃል እያለች ትደለድላለች። ንስሮቹም «እትዬ አህያ የጫነችው ቀን ክንፋችን አይዝልም» ይሏት ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን ቁራዎች መጡ።

ቁራዎቹ ቅርጫት የላቸውም። ያላቸው ከልጥ የተሠራ መረብ ነው። ሣር የለም፤ ውሃ የለም፤ ጓዝ የያዘ ለጓዙ ለብቻው ይከፍላል። ተጓዡ በመረቡ ቀዳዳ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ነፋሱም ከታች ይገባል። ዋጋው ግን አንድ አሞሌ ብቻ! ደግሞ ማዶ እንደ ደረሱ ተሳፋሪ አራግፈው፣ ተሳፋሪ አንሥተው ወዲያው ይመለሳሉ። የአንበሳ ቅርጫት ሣሩ እስኪቀየር፣ ቅሉ እስኪሞላ አንድ ጊዜ ሲመላለስ እነሱ ሦስቴ ይመላለሳሉ። የርካሽነታቸው ምስጢር ይኸው ነው እንጂ ሌላ አስማት የለውም።

በሳምንቱ የአያ አንበሳ ቅርጫት ባዶውን መሄድ ጀመረ።

«እመት ቀበሮ!» አለ አያ አንበሳ፤ ጭራውን መሬት ላይ እየገረፈ። ዋጋ ተማኟም ክፍያ ተቀባይዋም ቀበሮ ነበረች። «ዛሬ ስንት ተሳፈረ?»

«ስድስት፣ ጌታዬ። ቁንጫ ካልቆጠርን አራት።»

«እበላቸዋለሁ እነዚህን ቁራዎች!»

«ይበሏቸው ነበር፤ ይበርራሉ እንጂ።»

አንበሳም «እንግዲያው እኛም በአንድ አሞሌ እናድርገዋ!» አለ።

«አይሆንም ጌታዬ። እነሱ በአንድ አሞሌ ያተርፋሉ። እኛ አራት ንስር እንቀልባለን፤ ሣር እናጭዳለን፤ ውሃ እናስቀዳለን። ለሁሉም አንድ አሞሌ ካልን፣ በወሩ ሥጋው አልቆ እርስዎ ራስዎ ያንን ሣር ይግጣሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ቀበሮ ዓይኗን አጠበበች። «ሁለት ዋጋ ነው የሚሻለው። ፊት ያለው ቦታ እንደ ወትሮው ሦስት አሞሌ ይሁን። ከጭራው በኩል ግን ሣሩን እናነሣለን፤ ውሃ አንሰጥም፤ ጓዝ አናስገባም። ያንን በአንድ አሞሌ እንሸጣለን። ዋጋ የከበደው ከቁራ ወደ እኛ ይመለሳል፤ የተከበረው ደግሞ እንደ ክብሩ ፊት ይቀመጣል። እስቲ የትኛው ባለጸጋ ነው ከጭራ ተወሽቆ መታየት የሚወድ?»

አንበሳ ደስ አለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ዘዴው ሞኝነት አልነበረም። ትልቅ ነጋዴ ከትንሽ ነጋዴ ጋር በዋጋ ሲጋፋ ዕቃውን ሁሉ አያረክስም፤ ጥቂቱን አርክሶ ስሙን በዚያ ያስጠራል፤ ትርፉን ከቀረው ይለቅማል። ቀበሮ ይህን አስባበታለች። ያላሰበችውን አህያዋ ጠየቀች።

«እመት ቀበሮ፣ ከጭራው የሚቀመጠው ስንት ነው? ልክ አለው?»

«የመጣው ሁሉ!»

«የመጣው ሁሉ ከጭራ ልቀመጥ ቢልስ?»

ቀበሮ ሳቀች። «እትዬ፣ አንቺ መጫኑን፣ እኔ ዋጋውን! ደግሞ ሌላም ደንብ አለ፤ ስሚ። ከጭራ ተነሥቶ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት የተራመደ ሁለት አሞሌ ይጨምራል። አለበለዚያ ሁሉም ርካሹን ከፍሎ ወደ ለስላሳው ሣር ይሾልክብኛል።»

የአህያዋ ጆሮዎች ወደ ኋላ የተጣበቁት ያን ጊዜ ነው።

ለምን ይህን ያህል ጨነቃት? ከሦስት ቀን በኋላ አሮጊት እናቷ በዚያው ቅርጫት ወደ ፍል ውሃው ልትሻገር ነበር። የእናትየው ሁለቱም ጉልበቶች አብጠዋል፤ ከተኙበት ለመነሣት እንኳ ግንድ መደገፍ ጀምረዋል። አቅማቸው አንድ አሞሌ ስለሆነ ቦታቸው ከጭራው ነው።

«እማ፣ እባክሽ በቁራዎቹ ሂጂ» አለች አህያዋ።

«እግሬን በቀዳዳ አንጠልጥዬ? ጉልበቴን ላድን ሄጄ ጉልበቴን ልጥለው ነው? እኔ የምሄደው ልጄ በምትጭነው ነው!»

«እኔ እጭናለሁ እንጂ ቦታ የምትሸጠው ቀበሮ ናት።»

«ቢሆንስ! እስከ ዛሬ የጫንሽው መቼ ወድቆ ያውቃል?»

ይህ ንግግር አህያዋን ከማጽናናት ይልቅ እንቅልፍ ነሣት። አልወደቀም፤ እውነት ነው። እስከ ዛሬ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ነበረች።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። የርካሹ ዋጋ ወሬ አገሩን አዳርሶ ስለነበር ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ተሳፋሪው ገደሉ አፋፍ ላይ ተኮልኩሏል። መጀመሪያ የቀረበው በስብ ያበጠው፣ የአካባቢው ሀብታም አቶ ከርከሮ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ አቶ ከርከሮ! የእርስዎ ቦታ ፊት ነው» አለች ቀበሮ፤ ለስላሳውን ሣር በጭራዋ እየጠረገች።

«ኧረ ግድ የለም! እኔ ምን ብዬ ነው ፊት የምቀመጠው? ታላላቆች እያሉ! ለእኔ ጭራው ይበቃኛል» አለና አንድ አሞሌውን አስቀምጦ እልፍ አለ።

ቀጥሎ አቶ አጋዘን ቀንዱን ከፍ አድርጎ መጣ።

«አቶ አጋዘን፣ እርስዎስ ፊት ነዎት መቼም!»

«ከርከሮን የሚያህል ሰው ከጭራ ተቀምጦ እኔ ፊት? ነውር ነው! ምን ይሉኛል!» አንድ አሞሌ።

ከዚያማ ትሕትናው እንደ ጉንፋን ተላለፈ። ዝንጀሮው «እኔ ለራሴ ፊት መቀመጥ አልወድም» አለ። ድኩላዋ «ልጅነቴ አይፈቅድልኝም» አለች። ፍየሎቹ «እኛ ከመቼ ወዲህ!» እያሉ ተግተልትለው ወደ ጭራው ገቡ። አንዳቸውም «ርካሽ ስለሆነ ነው» አላሉም። ቀበሮ የሳተችው ይህንን ነበር። ባለጸጋው ከጭራ ለመቀመጥ ያፍራል ብላ አስልታለች፤ ትሑት ነኝ ካለ ግን ማፈር ቀርቶ ይመሰገንበታል።

በመጨረሻ አያ ጅቦ መጣ። ሆዱ ያለወትሮው ተንዘርጥጦ መሬት ይነካል።

«ጓዝ ይዘሃል?» አለች ቀበሮ።

«ጓዝ? የምን ጓዝ? ሆዴ ነው።»

«ሆድህ ይንኳኳል እኮ!»

«ርቦኝ ነዋ! ስሚ፣ እኔ ከሁሉም የባስኩ ትሑት ነኝ። የመጨረሻው ጫፍ ላይ አድርጊኝ።»

ሄዶም ከጭራው ጫፍ፣ ከአሮጊቷ አህያ አጠገብ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ከሥሩ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። የኋላው ገመድም አብሮ ሲጥ አለ።

ፊቱ ባዶ ነው። አራት እርምጃ የሚሆን ለስላሳ ሣር ላይ ቀበሮ ብቻዋን ተንፈላሳለች። ጭራው ግን ጠጠር መጣያ የለውም።

«ይህ አይነሣም» አለች አህያዋ። «ቢያንስ ፊቱን ድንጋይ እንጫንበት።»

«ድንጋይ አይከፍልም!» አለች ቀበሮ።

«እትዬ» አለ የንስሮቹ አለቃ ቀስ ብሎ፣ «የኋላ ገመዶቹ ገና ሳንነሣ ተወጥረዋል።»

ከአፋፉ ላይ ግን አያ አንበሳ ያገሳል። «ሞላ! ሞላ! ተመልከቱ፣ እስከ አፉ ሞልቷል! ምን ትጠብቃላችሁ? ቁራዎቹ ሁለተኛ ዙር ገቡ እኮ! አንሡ!»

አህያዋ አንዴ አንበሳን፣ አንዴ እናቷን አየች። እናትየው ከጅብ ጎን ተጣብቀው ፈገግ ይሉላታል። ማውረድ እንዳትችል ቅርጫቱ የአንበሳ ነው። «እንግዲያው ድንጋይ ካልተጫነ እኔ እጫናለሁ» አለችና ዘላ ከፊት ገባች። ንስሮቹ ክንፋቸውን ዘረጉ።

መጀመሪያ ላይ ደህና የሚሄዱ መሰለ። ተሳፋሪው «ለአንድ አሞሌ ምን ይላል!» እያለ ያወራል። ከገደሉ አንድ ሦስተኛውን እንዳለፉ ግን ከቅርጫቱ ወለል ላይ አንዲት ፍየል ያመጣቻት ሎሚ ብቻዋን መንከባለል ጀመረች። ከፊት ወደ ኋላ። አህያዋ ሎሚዋን በዓይኗ ተከተለቻት። ሎሚዋ አልቆመችም። በእግሮች መሃል አልፋ፣ በጭራው ጠርዝ በኩል ወደ ታች ጠፋች። ስትወድቅ ድምፅ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ አልሰሙም።

ወሬው ቆመ።

«ጭራችሁ ወርዷል!» ብሎ አንድ ቁራ ከጎን ጮኸ። ቁራዎቹ መረባቸውን ይዘው እየተመለሱ ነበር።

«አትስሙት፣ ቅናት ነው!» አለች ቀበሮ። ራሷ ግን ሣሩን በአራት እግሯ ቆንጥጣለች።

ጭራው እንደገና አንድ ክንድ ወረደ። የኋላዎቹ ሁለት ንስሮች አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ከሦስት ፈትል የተገመደው የኋላ ገመድ አንዱ ፈትል ሲበጠስ ሁሉም ሰማው።

«ወደ ፊት!» አለች አህያዋ። «ቀስ እያላችሁ፣ ተራ በተራ፣ ወደ ፊት!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሁለት አሞሌ ያስጨምራል እኮ» አለ አቶ ከርከሮ፤ ዓይኑን ጨፍኖ። «እስቲ አቶ አጋዘን፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በፍጹም! በፍጹም! እርስዎ እያሉ!»

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ አልቀድምዎትም!»

አዎ፣ ገደል ላይ ተንጠልጥለው ይገባበዙ ነበር። የሚያስቅ ይመስላል፤ እዚያ ለነበረ ግን አያስቅም። አንዱ ከተነሣ ሌላው ይከተል ነበር፤ የመጀመሪያው ከፋይ መሆንን ግን ሁሉም ፈራ።

አህያዋ ወደ ቀበሮ ዞረች። «ነጻ ነው በያቸው!»

«ዛሬ ነጻ ካልኩ ነገ ማን ይከፍለኛል?»

«ነገ የት አለሽ? ታች እያየሽ ተናገሪ!»

ቀበሮ ወደ ታች አየች። ወንዙ እንደ ክር ቀጥኗል። «ነጻ ነው!» አለች። «ወደ ፊት ኑ፣ ነጻ ነው!»

«እንዳትሰሟት!» አለ አያ ጅቦ ከጫፉ። «ቀበሮ እኮ ናት! ማዶ ስንደርስ እጥፍ ነው የምታስከፍለን!»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቀበሮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረች፤ የሚያምናት ግን አልተገኘም። ሁለተኛው ፈትል ተበጠሰ።

በዚህ ጊዜ አሮጊቷ አህያ ድምፃቸውን አሰሙ። «ልጄ! ይህ አጠገቤ ያለው ሆድ ከተነሣን ጀምሮ ጎኔን እየወጋኝ ነው! ሆድ ይወጋል እንዴ?»

አህያዋ ገባት። ልብ በሉ፤ ከጫፍ የተቀመጠ ክብደት መሃል ከተቀመጠ ክብደት እጅግ ይበልጥ ይጎትታል። ጫፉ ላይ ደግሞ ያለው ጅብ ብቻ አይደለም፤ ጅብና ከሥሩ የደበቀው አንድ ስልቻ አጥንት ነው። ቢነሣ ስልቻው ይታይበታል፤ ስለዚህ ቢሞት አይነሣም።

«እማ! የሚወጋሽን ነገር ርገጪው! ወደ እኔ!»

የእናትየው ጉልበት ያማል እንጂ ርግጫቸው አላረጀም። በፊት እግራቸው ተንበረከኩ፤ ዞሩ፤ በኋላ እግራቸው አንዴ ብቻ አሳረፉ። ስልቻው ከጅብ ሥር ተፈናጥሮ በተሳፋሪው አናት ላይ አለፈና ከፊት፣ ቀበሮ እግር ሥር ወድቆ አጥንቱ ተዘረገፈ።

«አጥንቴን!»

አያ ጅቦ ሁለት አሞሌውን ረሳ፤ ገደሉንም ረሳ። ከርከሮን ረግጦ፣ አጋዘንን ዘሎ ከፊት ሄዶ አጥንቱ ላይ ተደፋበት። ቀበሮም ከሥሩ ሆነች። ጭራው ቀና አለ።

ያን ጊዜ ደግሞ አቶ ከርከሮ ዓይኑን ገልጦ አየና «እንዴ! ጅብ ፊት ተቀምጦ እኔ ጭራ? ክብር የሚባል ነገር የለም?» ብሎ ተነሣ። አጋዘንም፣ ዝንጀሮውም፣ ፍየሎቹም ተነሥተው ወደ ፊት ተግተለተሉ። ቅርጫቱ አሁን በአፍንጫው መደፋት ጀመረ።

«ቁሙ!» አለች አህያዋ። መሃል ላይ አራት እግሯን ተክላ፣ የመጣውን በትከሻዋ እየገፋች ደለደለች። «አንተ እዚህ! አንቺ እዚያ! አቶ አጋዘን፣ መሃል፣ ይቀመጡ፣ ቀንድዎን ይሰብስቡ!» የተከራከራት የለም። ቅርጫቱ ተስተካከለ። በቀረችው አንዲት ፈትል እየተንቋቋ፣ ማንም ሳይተነፍስ፣ ማዶ ደረሰ። አሮጊቷ ወርደው መሬቱን በአፍንጫቸው ነኩት፤ ቀስ ብለውም ወደ ፍል ውሃው አዘገሙ።

ገመዱ ተቀይሮ ከተመለሱ በኋላ አያ አንበሳ ይህን ሲሰማ «ጭራውን ቁረጡት! ከዛሬ ጀምሮ ርካሽ ቦታ የለም!» ብሎ አገሳ።

«አይቆረጥ ጌታዬ» አለች አህያዋ። «እናቴ የተሻገረችው በዚያ ነው። ሌላም ብዙ አለ እንደ እሷ። ይልቅ ልክ ይኑረው።» ከዚያም ቀይ ገመድ አምጥታ ከቅርጫቱ ጭራ በኩል አጋድማ አሰረች። «ከዚህ ወዲያ ስምንት ተሳፋሪ። ስምንት ሲሞላ ሞልቷል። ፊቱ ባዶ ከሆነም ድንጋይ ይጫንበት።»

«ድንጋይ አይከፍልም» አለች ቀበሮ፤ ወገቧን እያሸች።

«አይከፍልም። የከፈሉትን ግን ከመውደቅ ያድናቸዋል።»

አንበሳ የተበጠሰውን ገመድ አገላብጦ አየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

በማግስቱ እነዚያ ትሑታን ዶሮ ሳይጮህ መጥተው ለስምንቷ ቦታ በክርን ሲጋፉ ተገኙ። «እርስዎ ይቅደሙ» ያለ አንድም አልነበረም። የዘገየው አቶ ከርከሮ ሦስት አሞሌ ከፍሎ ፊት ተቀመጠና «ለእኔ ድሮም የሚመጥነኝ ይሄ ነው» አለ።

ሳምንት አለፈ፤ እናትየው የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። አህያዋ ቅርጫቱን ጠበቀች። መጣ፤ ተሳፋሪው ወረደ፤ እናቷ የሉም። ጆሮዎቿ እንደገና ወደ ኋላ ተጣበቁ። ገመዶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ደህና ናቸው። ንስሮቹን ጠየቀች፤ አላየናቸውም አሏት። ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄዳ ወደ ታች ልትመለከት ስትል ከላይ የቁራ ጩኸት ሰማች። መረቡ ሲወርድ፣ በቀዳዳው አራት እግር ተንጠልጥሎ፣ እናቷ ቁጭ ብለዋል።

«እማ! በመረብ?»

«ምን ላድርግ፣ የእናንተ ጭራ ሞልቷል አሉኝ። ፊቱን አቅሜ አይችለው።» ማንንም ሳይደገፉ በአራት እግራቸው ቆሙ።

«እንዴት ነበር?»

«በረደኝ። እግሬም ተንጠለጠለ» አሉ አሮጊቷ። «ግን ሳልሳፈር ይበርድሻል አሉኝ፤ በረደኝ። እግርሽ ይንጠለጠላል አሉኝ፤ ተንጠለጠለ። ያልነገሩኝ ነገር አልደረሰብኝም።»

የአህያዋ ጆሮዎች ቀስ ብለው ቀና አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ከርካሽ ጋር በዋጋ የሚወዳደር ትልቅ ሁሉ ዋጋውን ከመቀነሱ በፊት ክብደቱ በየት በኩል እንደሚያጋድል ካልለካ፣ ሞላልኝ ብሎ በተደሰተበት ቀን ተሳፋሪውን ይዞ ሊወድቅ እንደሚችል ነው።